ከስቲያ እስከ ማንድሪዮሊ፦ ጫካውን በብስክሌት ለመሻገር ለጠየቀው ወንድማችን

ወንድሜ፣ ከሃኖቨር የላክኸውን ጥያቄ ሁለት ጊዜ አነበብኩት። በመስቀል ሰሞን አራት ቀን ፈቃድ አለህ፤ ብስክሌትህን ይዘህ ፍሎረንስ ትገባለህ፤ ከዚያ ቶስካናን ከሮማኛ የሚለየውን የአፔኒን ጫካ ተሻግረህ መመለስ ትፈልጋለህ። የለመድከው የቦይ ዳር ሜዳ ነው፤ በቀን 80 ኪሎ ሜትር ይቀናሃል፤ ዳገት ግን ሞክረህ አታውቅም። ከተራራ በሮቹ ሙራሊዮኔ ይሻላል ወይስ ካላ፣ 1,300 ሜትር ከፍታ ትንፋሽ አያሳጥርም ወይ፣ ብቻህን ብትሄድስ ብለህ ጠይቀሃል። ከእኔ በፊት የመለሱልህ ሁሉ ስለ ዳገቱ ጽፈዋል። እኔ ከፍሎረንስ በስተምሥራቅ ባለችው በፖንታሲየቬ ከተማ መኖር ከጀመርኩ 11 ዓመት አልፎኛል፤ በእነዚህ ተራሮች ላይ ሰው ሲጎዳ ያየሁት፣ ራሴም የተጎዳሁት፣ ቁልቁለት ላይ ነው። ስለዚህ ከዳገቱ ይልቅ ቁልቁለቱን እያሰብክ መንገድህን እንድትመርጥ እለምንሃለሁ።

ከፍታውን ከሐሳብህ አውጣው። ደሴ እንዳደግህ ጽፈሃል፤ ደሴ ከካላ አናት በሺህ ሜትር በላይ ከፍ ትላለች። ጣሊያኖች ፓሶ የሚሉት እኛ በር የምንለውን ነው፤ ከአዲስ አበባ ደሴ ስትመላለስ በአውቶቡስ ያለፍከው ጣርማ በር ከዚህ አገር በሮች አጠገብ ቢቆም እንደ አባት ከልጆቹ መካከል ይታያል። ሙራሊዮኔ 907 ሜትር ነው፤ ክሮቼ አይ ሞሪ 955፤ ማንድሪዮሊ 1,173፤ ካላ 1,296። የሚያደክመው መንገዱ ከዝቅተኛ ሸለቆ መነሳቱ ነው። የካላ ዳገት መነሻ የሆነችው ስቲያ ከተማ 440 ሜትር ገደማ ላይ ትገኛለች፤ ከዚያ እስከ ካላ ድረስ በ16 ኪሎ ሜትር ውስጥ 850 ሜትር ያህል ትወጣለህ። በአማካይ በየመቶ ሜትሩ አምስት ሜትር ከፍ እንደማለት ነው። ተረጋግቶ ለጀመረ ሰው ይህ የሚያስፈራ ዳገት አይደለም። በመጀመሪያዎቹ ሦስት ኪሎ ሜትሮች ላይ ከሰው ጋር ማውራት የሚያስችል ትንፋሽ ከሌለህ ፈጥነሃል ማለት ነው፤ ቀንስ።

ብስክሌትህ ላይ መለወጥ ያለበት ዋናው ነገር ማርሹ ነው። ከፊት ትንሹ ባለ 34 ጥርስ፣ ከኋላ ትልቁ ባለ 32 ወይም ባለ 34 ጥርስ ከሆነ የምነግርህን ዳገት ሁሉ ከኮርቻህ ሳትነሳ ትወጣዋለህ። ሜዳ ላይ የሚነዱ ብዙ ሰዎች ከኋላ 25 ወይም 28 ጥርስ ብቻ አላቸው፤ ከመነሳትህ በፊት ቁጠረው። ጎማው 28 ሚሊ ሜትር ወይም ከዚያ ሰፋ ያለ ይሁን፤ ንፋሱንም እስከ መጨረሻው አትሙላው፤ እርጥብ አስፋልት ላይ ትንሽ ለስለስ ያለ ጎማ መሬቱን አጥብቆ ይይዛል። የፍሬን ሸራውን አዲስ አስገባ። ያለቀውን «ለአራት ቀን ይበቃል» ብለህ አትተወው፤ አንድ ረጅም ቁልቁለት ሃኖቨር ላይ በአንድ ወር ከምትጠቀምበት የበለጠ ፍሬን ይበላል። ሁለት ከመነዳሪ፣ ትንሽ ፖምፓ፣ የፊትና የኋላ መብራት ያዝ። ከከተማ ውጭ ከመሸ በኋላ፣ በዋሻ ውስጥ ደግሞ ቀንም ቢሆን፣ የሚያንጸባርቅ ሰደርያ መልበስ በዚህ አገር ሕግ ግዴታ ነው።

የሆነ ነገር ቢበላሽብህ ደግሞ ቋንቋ አያስጨንቅህ። እዚህ በመጣሁ በመጀመሪያው ዓመት ቢቢዬና አጠገብ ካቴናዬ ተበጥሶ እየገፋሁ አንድ ትንሽ ጋራዥ ገባሁ። ጣሊያንኛዬ ገና ሰላምታ ላይ ነበር። ሽማግሌው ባለሙያ ግን «ካቴና» ሲል ገባኝ፤ ለልጁ «ፒንሳ»፣ «ካቻቪቴ»፣ «ፖምፓ» እያለ ሲያዝዘው አብሬው ማቀበል ጀመርኩ። በልጅነቴ ሰፈራችን ውስጥ ብስክሌት የሚያከራየውና የሚጠግነው ሰውዬ አፍ ላይ የሰማኋቸው ቃላት ነበሩ፤ ጎማ፣ ቸርኬ፣ ሁሉም። እነዚህ ቃላት እንዴት ወደ እኛ እንደመጡ አንተም እኔም እናውቃለን። በዚያ ቀን ግን ሁለት የማይግባቡ ሰዎች አንድ ብስክሌት ላይ ጎንበስ ብለው ያለ አስተርጓሚ ሠሩበት፤ እኔ ይህን አልረሳም።

አሁን ወደ ምርጫህ። ሙራሊዮኔ ስሙ «ትልቁ ግንብ» ማለት ነው፤ መንገዱ እ.ኤ.አ. በ1836 ሲከፈት አናቱ ላይ መንገደኛውንና ከብቱን ከነፋስ የሚከልል ግንብ ተሠራ፤ ግንቡ ዛሬም ቆሟል። መንገዱ ሰፊ ነው፤ ዳገቱም የዋህ ነው። ይሁን እንጂ ቅዳሜና እሑድ የሞተር ብስክሌተኞች መናኸሪያ ይሆናል። ጠመዝማዛው ላይ ጉልበታቸውን የሚለኩት እዚያ ነው፤ ለዳገት አዲስ የሆነ ሰው ከኋላው የሚመጣውን ጩኸት እየሰማ ቀጥ ብሎ መንዳት ይከብደዋል። በሥራ ቀን ከሆነ ሂድበት፤ በበዓል ቀን ግን እኔ ራሴ አልሄድበትም።

የእኔ ምክር ከፍሎረንስ ብስክሌትህን በባቡር ይዘህ እስከ ዲኮማኖ ሂድ ነው። በክልል ባቡሮች ላይ ለብስክሌቱ ተጨማሪ ትኬት መቁረጥ ብቻ ይበቃል። ከዲኮማኖ ወደ ሎንዳ፣ ከሎንዳ ክሮቼ አይ ሞሪን ወጥተህ ወደ ስቲያ ትወርዳለህ። ግማሽ ቀን ነው፤ መኪና የማይበዛበት መንገድ ነው፤ የካስታኛና የባሉጥ ዛፎች ከላይህ ይገጥማሉ። ለመለማመጃ ከዚህ የተሻለ በር አላውቅም። ብዙ መጻሕፍትና ካርታዎች ከፍሎረንስ ስቲያ ወዳለችበት ወደ ካዜንቲኖ ሸለቆ የሚገባውን ሰው በኮንሱማ በኩል ይልካሉ፤ ኮንሱማ መልካም መንገድ ነው፤ ግን ዋና መንገድ ስለሆነ መኪናው ይበዛል። ለመመለሻ አቆየው።

ስቲያ እደር። ማታ ስትዘዋወር ብርቱካንማ ቀለም ያለው፣ ፊቱ ጥምልምል ያለ የሱፍ ካፖርት በመስኮት ታያለህ፤ የዚህ ሸለቆ ጥንታዊ ሥራ ነው። የድንች ሙሌት ያለውን ቶርቴሊ የሚሉትን ፓስታ ብላ። ዳቦው ግን ጨው የለውም፤ የቶስካና ዳቦ ከጥንት ጀምሮ ያለ ጨው ይጋገራል። ይህን የምነግርህ ለወግ አይደለም። ቀኑን ሙሉ ላብህ ሲወርድ የሚወጣው ጨው መመለስ አለበት፤ ዳቦ በልቼ ይበቃኛል ብለህ ከተነሳህ ከሰዓት በኋላ ጭንህ ሊጨመደድ ይችላል። የወይራ ፍሬ፣ አይብ፣ ካልሆነም ውኃህ ውስጥ ቁንጥር ጨው ጨምር።

ካላን ከስቲያ ስትወጣ የምትሄደው ግንዶች ይወርዱበት ከነበረው አቅጣጫ በተቃራኒ ነው። አናቱን አልፎ ያለው የካምፒኛ ጫካ ለብዙ መቶ ዓመታት የፍሎረንስን ካቴድራል ያሠራው ተቋም ንብረት ነበር። አቤቴ የሚሉትን ቀጥ ያለ ረጅም የጥድ ዘር እየቆረጡ በበሬ ጎትተው ተራራውን ያሻግሩ ነበር፤ ከስቲያ በታች ፕራቶቬኪዮ ላይ ግንዶቹ ተሳስረው በአርኖ ወንዝ ወደ ፍሎረንስ ይንሳፈፋሉ። ያ የካቴድራል ጣሪያ ሥር ያለው እንጨት በከፊል ከዚህ የወጣ ነው። እኔ ዳገቱ ሲከብደኝ እነዚያን በሬዎች አስባለሁ፤ እውነት ለመናገር ይረዳኛል። የአርኖ ምንጭም ከዚያው ሸንተረር፣ ከፋልቴሮና ተራራ ጎን ነው የሚፈልቀው።

ከ900 ሜትር በላይ ዛፉ ይለወጣል። ፋጆ የሚሉት ግንዱ ግራጫና ለስላሳ የሆነ ዛፍ ይጀምራል፤ ቅጠሉ በመስቀል ሰሞን ገና አረንጓዴ ነው፤ ጫፉ ላይ ግን ወርቅ መሆን ይጀምራል። የመስቀል ወፍና አደይ አበባ ለለመደ ዓይን ይህ ሌላ ዓይነት አዲስ ዓመት ነው። በሩ ጋር ስትደርስ ከሰሜን በኩል ሳሶ ፍራቲኖ የተባለው ክልል አለ፤ እ.ኤ.አ. በ1959 በጣሊያን የመጀመሪያው ሙሉ በሙሉ የተከለለ ጥብቅ ደን ሆኖ ተወሰነ። ሰው አይገባበትም፤ ዛፍ አይቆረጥበትም፤ የወደቀውም እዚያው ይበሰብሳል። በ2017 እ.ኤ.አ. ዩኔስኮ ከአውሮፓ ጥንታዊ የፋጆ ደኖች ጋር በዓለም ቅርስነት መዝግቦታል። ዙሪያው ደግሞ በ1993 እ.ኤ.አ. የተቋቋመው ብሔራዊ ፓርክ ነው። በዚህ ወቅት ማለዳና ምሽት ላይ ከጫካው ውስጥ እንደ በሬ የሚያጓራ ድምፅ ብትሰማ አትደንግጥ፤ የአጋዘን ወንዶች ሴቶቹን የሚጠሩበት ጊዜ ነው። መንገድ ላይ ድንገት ዘለው ስለሚወጡ ግን ቁልቁለት ላይ ዓይንህ ከመንገዱ ዳር አይለይ።

እንግዲህ ቁልቁለቱ። ከስድስት ዓመት በፊት፣ በጥቅምት፣ ፀሐያማ ቀን ነበር። ካላ አናት ላይ ቆሜ ቡና ጠጣሁ፤ ላቤ ደረቀ፤ ጓንቴን ከኪሴ ማውጣት ሰነፍኩ፤ ጥቁር መነጽሬን እንዳደረግኩ ወደ ካምፒኛ ቁልቁል ለቀቅሁት። የሰሜኑ ወገን ነው፤ ፀሐይ አይደርስበትም። ከብርሃን ወደ ጥላ ስገባ በጥቁር መነጽር ውስጥ መንገዱ ጨለመብኝ። እጥፋቱ ላይ የረገፈ ቅጠል ተከምሯል፤ ከላይ የደረቀ ይመስላል፤ ከሥሩ ግን ከትናንት ወዲያ የዘነበው ውኃ አለ። ጣቶቼ በብርድ ደንዝዘው ነበርና ፍሬኑን ቀስ አድርጌ መያዝ አልቻልኩም፤ ጭምቅ አደረግኩት፤ እየታጠፍኩ ሳለ። የፊተኛው ጎማ ከሥሬ ሄደ። ትከሻዬ ላይ ያለው አጥንት ተሰነጠቀ፤ ዳሌዬ ተላጠ። ስልኬ አይሠራም ነበር፤ ሸለቆው ውስጥ ኔትወርክ ይጠፋል። እንጉዳይ ሊለቅሙ የመጡ ባልና ሚስት ናቸው ያነሱኝ፤ ብስክሌቴን ከቅርጫታቸው ጋር መኪናቸው ውስጥ አስገብተው ከቁልቁለቱ ግርጌ ሳንታ ሶፊያ ከተማ አወረዱኝ። ሴትዮዋ መንገዱን ሙሉ እጄን ይዛ ነበር።

ከዚያ በኋላ የማልጥሰው ልማድ አለኝ። አናት ላይ ስደርስ ከምንም በፊት የነፋስ መከላከያ ጃኬትና ጓንት አደርጋለሁ፤ ቡናው ከዚያ በኋላ ነው። ጥቁር መነጽር አወልቃለሁ ወይም በነጭ እለውጣለሁ። ከጠዋቱ አራት ሰዓት በፊት በሰሜን ወገን አልወርድም፤ እስከዚያ ጤዛው መንገዱ ላይ ነው። ፍሬኑን የምይዘው ብስክሌቱ ቀጥ ብሎ ሳለ፣ እጥፋቱ ሳይደርስ ነው፤ ስታጠፍ እጄን ለቀቅ አደርጋለሁ። ፍሬኑን ያለማቋረጥ ሸርተት እያደረጉ መውረድም ያሞቀዋል፤ ጠንከር ብሎ መያዝ፣ ከዚያ መልቀቅ፣ ከዚያ እንደገና መያዝ ይሻላል። እጅህን ከታችኛው የመሪው እጥፋት ላይ አድርግ፤ ከላይ ሆነህ በቂ ጉልበት አታገኝም። ከካስታኛ ዛፍ ሥር ስታልፍ ደግሞ እሾሃማው ቅርፊት መንገዱን ይሸፍናል፤ እንደ ጠጠር ይንከባለላል፤ መሐል መንገድ ይዘህ እለፍ። ከካላ እስከ ሳንታ ሶፊያ ከ25 ኪሎ ሜትር በላይ ቁልቁለት ነው፤ ከ1,296 ሜትር ወደ 257 ትወርዳለህ። ሁለት ጊዜ ቆመህ እጅህን አራግፍ። ማንም አይጠብቅህም፤ ማንንም አትቀድምም።

ሳንታ ሶፊያ ምሳህን በጊዜ ብላ፤ ከቀኑ ስምንት ሰዓት በኋላ የገጠር ሱቅና ምግብ ቤት ይዘጋል፤ እስከ አሥር ሰዓትም ላይከፈት ይችላል። ከዚያ ካርናዮ የሚባል 10 ኪሎ ሜትር ገደማ የሆነ ዳገት አለ። ለዓይን ብዙ የሚሰጥ አይደለም፤ ለእኔ ግን ውድ ነው። ሰኔ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ቱር ደ ፍራንስ ለመጀመሪያ ጊዜ ከጣሊያን ምድር፣ ከፍሎረንስ ተነስቶ ወደ ሪሚኒ ሲሄድ በዚህ ዳገት ላይ አለፈ። ከቦሎኛ የመጡ ኤርትራውያንና ኢትዮጵያውያን ወዳጆቼ ጋር በሚያቃጥል ሙቀት መንገድ ዳር ቆመን ኤርትራዊውን ብስክሌተኛ ቢንያም ግርማይን ጠበቅነው። እኛ «ቢንያም! ቢንያም!» ስንል ጣሊያኖቹም ተቀበሉን። ከሁለት ቀን በኋላ ቶሪኖ ላይ አሸነፈ፤ በዚያ ውድድር የአንድ ቀን ጉዞ ያሸነፈ የመጀመሪያው ጥቁር አፍሪካዊ ሆነ። ካርናዮን በወጣሁ ቁጥር ያቺን የቆምንባትን የመንገድ ዳር ድንጋይ እፈልጋለሁ።

ባኞ ዲ ሮማኛ እደር። ፍል ውኃ ያለባት ከተማ ናት፤ ለደከመ እግር ከዚህ የሚበልጥ መድኃኒት የለም። ወደ ከተማዋ ስትገባ ካርታህ ወደ ኢ 45 ፈጣን መንገድ እንዳይመራህ ተጠንቀቅ፤ ብስክሌት አይገባበትም፤ የድሮውን መንገድ ያዝ።

በማግስቱ ማንድሪዮሊ ነው፤ ከሁሉም የምወደው። በሮማኛ በኩል ጫካው ገለጥ ይልና መንገዱ ዓለቱን ሰንጥቆ ይወጣል። ጠንካራው ድንጋይና ለስላሳው ጭቃ መሳዩ ድንጋይ እየተፈራረቁ፣ መሶብ ውስጥ እንደተደራረበ እንጀራ፣ ንጣፍ በንጣፍ ላይ ሆነው ይታያሉ። ይህ ሁሉ በአንድ ወቅት የባሕር ወለል ነበር። ዳገቱ እኩል ነው፤ አያታልልም። በሩን ስታልፍ ደግሞ በድንገት ወደ ቶስካና ጫካ ትገባለህ፤ ጥላው፣ እርጥበቱ፣ የምነግርህ ጥንቃቄ ሁሉ እንደገና ይጀምራል። ባዲያ ፕራታሊያ ላይ ቆመህ ትንሽ ሙቅ ነገር ጠጣ።

ጉልበት ከተረፈህ ወደ ካማልዶሊ ገዳም ታጠፍ። በ11ኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ በቅዱስ ሮሙአልድ ተመሠረተ። መነኮሳቱ ለዘመናት ይህን ጫካ ሲተክሉና ሲጠብቁ ኖሩ፤ ዛፍ መትከልንና መቁረጥን በሥርዓታቸው ጽፈው ደነገጉ። በወሎና በጎጃም ዙሪያው ተራቁቶ ሳለ ቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ግቢ ውስጥ ብቻ የቀረውን ደን ያየ ሰው እዚህ ሲደርስ ዝም ይላል። ከገዳሙ እስከ ላይኛው የባሕታውያን ቦታ ያለው መንገድ አጭር ቢሆንም በጣም ቀጥ ያለ ነው፤ ብስክሌቱን አስቀምጠህ በእግር ብትወጣ ይሻላል።

አንድ ቦታ ደግሞ እንድታውቀው እፈልጋለሁ። ከስቲያ በላይ ቫሉቾሌ የምትባል ትንሽ መንደር አለች። ሚያዝያ 5 ቀን 1936 ዓ.ም. የጀርመን ወታደሮች እዚያና በአካባቢው 108 ሰው ገደሉ፤ አብዛኞቹ ሴቶች፣ ሕፃናትና ሽማግሌዎች ነበሩ። የመታሰቢያ ድንጋይ አለ። የካቲት 12ን እያሰበ ላደገ ሰው ያ ድንጋይ ባዕድ አይደለም። እኔ በዚያ ሳልፍ ከብስክሌቴ እወርዳለሁ።

ብቻህን ስለመሄድህ፦ ትችላለህ። ማታ የምታድርበትን ቦታ ለአንድ ሰው ንገር፤ የምትወርድበትን ሸለቆ ስም ጭምር። የአደጋ ጊዜ ቁጥሩ 112 ነው። ውኃ ከየመንደሩ ቧንቧ ትቀዳለህ፤ «አኳ ኖን ፖታቢሌ» የሚል ከተጻፈበት ግን አትጠጣ። ከበግ መንጋ አጠገብ ትልቅ ነጭ ውሻ ካየህ አትሩጥ፤ ውረድ፣ ብስክሌቱን በአንተና በእሱ መካከል አድርገህ ቀስ ብለህ ተራመድ፤ ሥራው በጉን መጠበቅ ነውና ከመንጋው ስትርቅ ይተውሃል።

ሦስተኛውን ሌሊት ፖፒ ከተማ እደር፤ የመጨረሻውን ቀን ከዚያው ጀምር። ድካም ከተሰማህ እዚያው ባቡር ይዘህ በአሬትሶ በኩል ፍሎረንስ ትገባለህ፤ ይህን ማድረግ ሽንፈት አይደለም። ካልደከምክ ኮንሱማን ውጣ፤ ከዚህ ወገን ስትወጣው ይቀላል። አናቱ ላይ ወደ ግራ ብትታጠፍ መንገዱ በጫካ ውስጥ ወደ ቫሎምብሮሳ ገዳም ይወስድሃል፤ መሥራቹ ቅዱስ ጆቫኒ ጓልቤርቶ የጣሊያን የደን ጠባቂዎች ጠባቂ ቅዱስ ነው። ከቫሎምብሮሳ የሚወርደው መንገድ ጠባብና ጥላማ ስለሆነ፣ ጓንትህን አትርሳ።

የምትመጣበትን ቀን ስትወስን እዚሁ ጻፍልኝ። ረቡዕ ወይም ሐሙስ ከሆነ ሥራ ስለሌለኝ ዲኮማኖ ባቡር ጣቢያ እጠብቅሃለሁ፤ እስከ ክሮቼ አይ ሞሪ አብረን እንወጣለን፤ የመጀመሪያውንም ቁልቁለት ከፊትህ ሆኜ እወርዳለሁ።